አስፋልት ላይ የተጣለ ቅጠል

የአዲስ አበባ–ደሴ መንገድ ጣርማበርን አልፎ በደብረ ሲና በኩል ቁልቁል ሲወርድ ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው ብርድ ተነስቶ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ሸዋ ሮቢት ሙቀት ውስጥ ይገባል። በዚህ መንገድ ላይ ጭነት የያዘ ተሳቢ ሲበላሽ ረዳቱ ዘሎ ይወርድና ከመንገዱ ዳር ቅርንጫፍ ይቆርጣል። ከመኪናው ኋላ ራቅ አድርጎ አንዱን ይጥላል፤ ጠጋ ብሎ ሌላውን፣ ከዚያም ሌላውን። ነፋስ ገንጥሎ የጣለው እንዳይመስል በመስመር ያስቀምጠዋል። ከኋላ የሚመጣው ሹፌር ቅጠሉን ሲያይ ፍጥነቱን ይቀንሳል። አማርኛ ቢናገር፣ አፋርኛ ወይም ኦሮምኛ፣ ፊደል ቢቆጥርም ባይቆጥርም፣ ከፊቱ የቆመ መኪና እንዳለ ገብቶታል።

ለእኔ ይህ ቅጠል ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። አሜሪካዊው ፈላስፋ ቻርልስ ፐርስ (1839–1914 እ.ኤ.አ.) አንድ ምልክት ሐሳብ የሚያስተላልፈው ሁለት ነገር አጣምሮ ሲይዝ ነው ይላል፤ ስለ ምን እንደሚናገር ያመለክታል፣ ስለዚያም አንድ ነገር ይናገራል። ጣሪያ ላይ የሚሽከረከረውን የነፋስ አቅጣጫ ጠቋሚ በምሳሌነት ያነሳ ነበር። የእኛም ቅጠል የወደቀበት ቦታ «በዚህ መስመር፣ ከፊትህ» ሲል፣ ተቆርጦ መደርደሩ «የቆመ መኪና አለ» ይላል። ዛፉ ላይ ሳለ ግን ለሹፌሩ የሚነግረው አልነበረውም። ጠላ ቤት ደጃፍ እንጨት ላይ የተደፋ ጣሳም እንዲሁ ነው፤ ገበያ ላይ ጣሳ ብቻ የነበረው፣ በር ላይ ሲሰቀል «እዚህ ቤት ጠላ አለ» ይላል።

እንዲህ ያለ ምልክት ከሌላው የሚለየው ሊዋሽ መቻሉ ነው። ደጋው ላይ የጠቆረ ደመና ቆላ ላለው ገበሬ ጎርፍ ሊመጣ እንደሚችል ያሳውቀዋል። ደመናው ግን ለማንም ብሎ አልጠቆረም፤ ጎርፉ ቢቀር የተሳሳተው ገበሬው እንጂ ደመናው አይደለም። መኪናው ተጠግኖ ከሄደ በኋላ ሳይነሳ የቀረ ቅጠል ግን ውሸት ይናገራል። ለባዶ መንገድ ደጋግሞ ፍሬን የያዘ ሹፌር በሚቀጥለው ጊዜ ቅጠል አያምንም፤ ያን ጊዜ ከኩርባው ማዶ እውነተኛ ብልሽት ካለ ዋጋው ሕይወት ነው። በቅጠል ፋንታ ድንጋይ ደርድሮ ጥሎት የሚሄድማ ለሚቀጥለው መኪና ራሱን አደጋ ትቶለት ሄዷል።

ቅጠል ሌሊት አቅም ያጣል። የመብራት ብርሃን ስለማይመልስ ሹፌሩ የሚያየው አጠገቡ ከደረሰ በኋላ ነው። በጨለማ ያንኑ መልእክት ከሩቅ የሚያደርሰው አንጸባራቂው ባለሦስት ማዕዘን ምልክት ስለሆነ፣ እያንዳንዱ የከባድ መኪና ሹፌር ከጣርማበር ቁልቁል ከመውረዱ በፊት መያዙን ማረጋገጥ አለበት።