ለማእድ ቤትዎ ተስማሚ ማቀዝቀዣ እንዴት ይመረጣል?

በተለምዶ ፍሪጅ የምንለው ማቀዝቀዣ፣ ቤተሰቦች ከፍተኛ ገንዘብ አውጥተው ከሚገዟቸውና ለረጅም ዓመታት ከሚገለገሉባቸው የቤት ዕቃዎች አንዱ ነው። ይሁን እንጂ ግዥው ብዙ ጊዜ የሚፈጸመው የዕቃውን ግዝፈት፣ መልክና የመሸጫ ዋጋ ብቻ በማየት ነው። በዚህ መልኩ የተመረጠ ማቀዝቀዣ የኤሌክትሪክ ሂሳብን ሊያንር፣ ምግብን ለብልሽት ሊዳርግና የቤተሰብን ጤና ሊጎዳ ይችላል። ስለሆነም ሸማቾች ከመግዛታቸው በፊት የሚከተሉትን ነጥቦች እንዲያጤኑ ይመከራል።

የሚያበስሉትን ምግብ መነሻ ያድርጉ

የማቀዝቀዣ መጠን የሚለካው በሊትር ነው። ተገቢውን መጠን ለመወሰን የቤተሰቡን ቁጥር ብቻ ሳይሆን የአበሳሰል ልማዱን ማየት ያስፈልጋል። በየዕለቱ ትኩስ አትክልት እየገዛ የሚያበስል ቤተሰብ ሰፊ የፍሪዘር ክፍል አያስፈልገው ይሆናል። በአንጻሩ በበዓል ወቅት የቅርጫ ሥጋ የሚያስገባ ወይም የሳምንቱን ወጥ በአንድ ቀን የሚሠራ ቤተሰብ ለፍሪዘሩ ስፋት ቅድሚያ መስጠት ይኖርበታል። ዘወትር የሚጠቀሙበትን ድስት ከፍታና ስፋት ለክተው ወደ መደብር ይሂዱ፤ መደርደሪያዎቹ ከፍና ዝቅ የሚሉ መሆናቸውንም ያረጋግጡ።

ሽሮ፣ በርበሬ፣ ሽንኩርትና ድንች ማቀዝቀዣ ውስጥ መቀመጥ ስለማያስፈልጋቸው ለእነርሱ ሲባል ትልቅ ማቀዝቀዣ መግዛት አይገባም።

ዓመታዊ የኃይል ፍጆታውን ያስሉ

የማቀዝቀዣ እውነተኛ ወጪ የመግዣው ዋጋ ብቻ አይደለም። በዕቃው መለያ ላይ በዓመት የሚፈጀው ኃይል በኪሎዋት ሰዓት ተገልጾ ከሆነ ያንብቡት፤ ካልተገለጸ ሻጩን ይጠይቁ። ለምሳሌ እኩል ሊትር ከሚይዙ ሁለት ማቀዝቀዣዎች አንዱ በዓመት 250፣ ሌላው 400 ኪሎዋት ሰዓት የሚፈጁ ቢሆን፣ ልዩነታቸው በ10 ዓመት 1,500 ኪሎዋት ሰዓት ይደርሳል። በአገራችን የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን የተከፋፈለና ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ከፍ የሚል በመሆኑ፣ በመግዣ ዋጋው ርካሽ የሆነው ዕቃ ውሎ አድሮ ውድ ሊሆን ይችላል።

ከአገራችን የኤሌክትሪክ ኃይል ጋር መጣጣሙን ያረጋግጡ

በኢትዮጵያ ለመኖሪያ ቤት የሚቀርበው ኃይል 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ከውጭ አገር ዕቃ የሚያስመጡ ወይም በዘመድ በኩል የሚላክላቸው ዜጎች ለዚህ ነጥብ ልዩ ትኩረት ሊሰጡ ይገባል። በአሜሪካ ለቤት አገልግሎት የሚውለው ኃይል 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ሲሆን፣ በሳዑዲ ዓረቢያም የሚሠራበት 60 ኸርዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ቢያስተካክልም ኸርዙን አይለውጥም። በመሆኑም በዕቃው ጀርባ ወይም ውስጠኛ ክፍል ከተለጠፈው ጽሑፍ ላይ 50 ኸርዝ የሚለው መኖሩን ይመልከቱ።

የአካባቢዎን ሙቀት ያገናዝቡ

በዚሁ ጽሑፍ ላይ ማቀዝቀዣው የሚሠራበት የአየር ጠባይ ደረጃ በፊደል ይገለጻል። «ኤን» የሚለው እስከ 32፣ «ኤስቲ» እስከ 38፣ «ቲ» ደግሞ እስከ 43 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት ባለበት ክፍል ውስጥ እንዲሠራ የተዘጋጀ መሆኑን ያመለክታል። ለአዲስ አበባና ለመሰል ደጋማ ከተሞች «ኤን» በቂ ሲሆን፣ እንደ ሰመራ፣ ጋምቤላና ድሬዳዋ ባሉ ሞቃታማ አካባቢዎች «ቲ» ተመራጭ ነው።

ኃይል ሲቋረጥና ሲዋዥቅ

ማቀዝቀዣውን ከፍተኛ ኃይል ከሚወስደው የኤሌክትሪክ ምጣድ ጋር በአንድ ማከፋፈያ አይሰኩ። የኃይል መዋዠቅ ባለበት አካባቢ ከዕቃው ጋር የሚመጥን የቮልቴጅ መቆጣጠሪያ ይጠቀሙ። ኃይል ሲቋረጥ በሩን አለመክፈት ዋነኛው ጥንቃቄ ነው። በሩ ሳይከፈት ከቆየ የማቀዝቀዣው ክፍል ምግብን ለ4 ሰዓት ያህል፣ የሞላ ፍሪዘር ደግሞ ለ48 ሰዓት ያህል ጠብቆ ያቆያል፤ ግማሽ የሞላ ፍሪዘር 24 ሰዓት ገደማ ይቆያል።

ከግዥ በኋላ

ምግብ ከብልሽት እንዲጠበቅ የማቀዝቀዣው ክፍል ሙቀት ከ4 ዲግሪ፣ የፍሪዘሩ ደግሞ ከዜሮ በታች ከ18 ዲግሪ መብለጥ የለበትም። የተሠራ ወጥ ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ ሊቆይ አይገባም፤ በትልቅ ድስት እንዳለ ከማስገባት ይልቅ በትናንሽ ዕቃዎች ከፋፍሎ በፍጥነት ማቀዝቀዝ ይሻላል። ጥሬ ሥጋን ከታችኛው መደርደሪያ ላይ በተከደነ ዕቃ ያስቀምጡ።

በፍሪዘሩ የተጋገረ በረዶን በቢላዋ መፋቅ የጋዙን ቱቦ ሊበሳ ይችላል። በአሁኑ ጊዜ በብዙ ማቀዝቀዣዎች የሚሠራበት «አር600ኤ» የተባለው ጋዝ ተቀጣጣይ በመሆኑ፣ ዕቃውን ከሶኬት ነቅሎ በረዶው በራሱ እንዲቀልጥ ማድረግ ያስፈልጋል።

የሸማቹ መብት

ዕቃውን ከመረከብዎ በፊት በመደብሩ ውስጥ በኃይል ያስሞክሩ። ወረቀት በበሩ መሐል አድርገው ይዝጉ፤ ወረቀቱ ሲሳብ ያለ ችግር ከወጣ የበሩ ላስቲክ በሚገባ አይገጥምም ማለት ነው። ደረሰኝና የጽሑፍ ዋስትና ይቀበሉ፤ በዋስትናው ላይ የጊዜው ርዝመት፣ የሚሸፈኑት ክፍሎችና የጥገናው ቦታ መገለጻቸውን ያረጋግጡ።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006፣ ሸማቹ ጉድለት ያለበት ዕቃ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። መብቱ በጊዜ የተገደበ በመሆኑ ጉድለት እንደታየ ሳይዘገዩ፣ ደረሰኙን ይዘው በመጀመሪያ ለሻጩ ያመልክቱ። መፍትሔ ካላገኙ በአካባቢዎ ለሚገኘው የንግድ ጽሕፈት ቤት አቤቱታዎን ማቅረብ ይችላሉ። ያለ ደረሰኝ የተገዛ ዕቃ ግን፣ ዋጋው ቢቀንስም፣ ይህን መብት ለማስከበር እጅግ አዳጋች ያደርገዋል።