ከእንፋሎቱ በፊት እጥበት

በጎባ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ91 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ነው፤ በሮቤም ልዩነቱ ጥቂት ነው። ስለዚህ የጥርስ ሐኪም መሰርሰሪያን በድስት ብንቀቅለው ጽኑ የባክቴሪያ ስፖሮች በሕይወት ሊተርፉ ይችላሉ። አውቶክሌቭ ግን እንፋሎቱን አምቆ ሙቀቱን እስከ 134 ዲግሪ ያደርሰዋል።

ለመሆኑ ይህ ሙቀት ብቻውን ይበቃልን? አይበቃም። በመሰርሰሪያው ራስ ውስጥ በደቂቃ ከ300,000 ጊዜ በላይ የሚሽከረከር ትንሽ ተርባይን አለ። ተርባይኑ ሲቆም ምራቅና ደም ወደ ውስጥ ሊሳብ ይችላል፤ ሲደርቅም ለተሕዋስያን ጋሻ ይሆናል። እንፋሎት አብዛኛውን ሙቀቱን የሚያስረክበው በነካው ገጽ ላይ ወደ ውኃነት ሲመለስ ነውና፣ ከጋሻው በስተጀርባ ያለውን በሚገባ አያገኘውም።

ስለሆነም ከእያንዳንዱ ታካሚ በኋላ በመሰርሰሪያው ውስጥ ከ20 እስከ 30 ሴኮንድ ውኃና አየር ይለቀቃል። ቀጥሎ በአምራቹ መመሪያ መሠረት ይጸዳል፣ ዘይት ይሰጠዋል፣ ታሽጎም ወደ አውቶክሌቭ ይገባል። እጥበቱ ከተዘለለ እንደ ሄፓታይተስ ቢ ያለ በደም የሚተላለፍ በሽታ ለቀጣዩ ታካሚ ሊተርፍ ይችላል። እናቶቻችን ባልታጠበ ድስት ወጥ አይሠሩም፤ ፊዚክስም የሚያዘን ይህንኑ ነው።