«እንግዳ» እና «አስተናጋጅ»፦ ስለ ምናባዊ ማሽን ጥበቃ ስያሜዎች

1. መነሻ

በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ብዙ ምናባዊ ማሽኖች ጎን ለጎን እንዲሠሩ ማድረግ ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የታወቀ ዘዴ ነው። የእንግሊዝኛው የሙያ ቋንቋ እያንዳንዱን ምናባዊ ማሽን በእንግዳ፣ ኮምፒዩተሩን የሚያስተዳድረውን ሥርዓት ደግሞ እንግዳ በሚቀበል ሰው መስሎ ይጠራቸዋል። ቃላቱ በቀጥታ ሲተረጎሙ «እንግዳ» እና «አስተናጋጅ» ይሆናሉ። ይሁን እንጂ በአማርኛ እንግዳ ተቀባይ ማለት እንግዳውን የሚጠብቅ ሰው ነው፤ «አስተናጋጅ»ም በዕለት ንግግር ምግብ የሚያቀርበው ሠራተኛ መጠሪያ ሆኗል። ስለዚህ «አስተናጋጁ የእንግዳውን ማኅደረ ትውስታ ሊያነብ አይችልም» የሚል ዐረፍተ ነገር የገጠመው አንባቢ፣ እንግዳው ከአስተናጋጁ የሚጠበቅበት ምክንያት አይገባውም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ እንዲህ ያለው ዐረፍተ ነገር በውል ሰነድ ውስጥም ሊገባ ስለሚችል፣ ጉዳዩ የአነጋገር ውበት ብቻ አይደለም።

2. የጥበቃው አሠራር

በቀድሞው አሠራር አስተዳዳሪው ሥርዓት የማናቸውንም ምናባዊ ማሽን ማኅደረ ትውስታ እንዳሻው ለማንበብና ለመለወጥ ይችል ነበር። ኤ ኤም ዲ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ ባደረገው ዘዴ ግን ለእያንዳንዱ ምናባዊ ማሽን የተለየ የምስጠራ ቁልፍ ይሰጣል። ቁልፉን የሚይዘው በአንጎለ ኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለ ልዩ አካል እንጂ አስተዳዳሪው ሥርዓት አይደለም። መረጃው ከአንጎለ ኮምፒዩተሩ ወደ ማኅደረ ትውስታ ሲወጣ ይመሰጠራል፤ ሲመለስም ይፈታል።

ምስጠራ ብቻውን ግን እንዳልበቃ እ.ኤ.አ. በ2018 ተመራማሪዎች አሳዩ። አስተዳዳሪው ሥርዓት ምሥጢሩን ሳይፈታ የማኅደረ ትውስታ ገጾችን አቀማመጥ በማለዋወጥ፣ ማሽኑ ራሱ ይዘቱን እንዲያወጣ ሊያደርገው ይችል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 በቀረበው ማሻሻያ ላይ የእያንዳንዱ ገጽ ባለይዞታ ማን እንደ ሆነ የሚመዘገብበት ሰንጠረዥ ታከለ፤ አንጎለ ኮምፒዩተሩም ከመዝገቡ ጋር የማይስማማውን ጽሕፈት ይከለክላል። በዚያው ዓመት አይ ቢ ኤም በትልልቅ ኮምፒዩተሮቹ ላይ ተመሳሳይ ጥበቃ በሌላ መንገድ አቀረበ፤ አስተዳዳሪው ገጹን ወደ ዲስክ ማውጣት ሲፈልግ ተመስጥሮ ይሰጠዋል፤ ሲመልሰውም ያው ገጽ መሆኑ ይመረመራል።

3. ስያሜን ከገበያ

ለዚህ ግንኙነት የሚስማማው ምሳሌ ከእንግዳ ቤት ይልቅ ከገበያ ይገኛል። በመርካቶ የተሽከርካሪ መለዋወጫ የሚሸጥበትን ሶማሌ ተራን እንመልከት። ሱቅ የተከራየ ነጋዴ በሩን በራሱ ቁልፍ ይቆልፋል። ቤቱ የአከራዩ ነው፤ ዕቃው ግን የተከራዩ ነው። አከራዩ መብራት ሊያቋርጥ ወይም ቤቱን ሊያስለቅቅ ይችላል፤ የነጋዴውን ካርቶን ከፍቶ ማየት ግን አይገባውም። በገበያው «አይገባውም» የሚያሰኘው ውልና ልማድ ሲሆን፣ በማሽኑ ግን አንጎለ ኮምፒዩተሩ ነገሩን ወደ «አይችልም» ይለውጠዋል። መብራት የማቋረጡ ሥልጣን በሁለቱም ዘንድ እንዳለ ነው፤ ጥበቃው አገልግሎት እንዳይቋረጥ ዋስትና አይሰጥምና።

ከላይ የተገለጸው የገጽ ማለዋወጥም በዚሁ ምሳሌ ይገለጻል። አንድ የታሸገ ካርቶን በሌላ የታሸገ ካርቶን ቢለወጥ እሽጉ አልተፈታም፤ ገዢው ግን ያላዘዘውን ዕቃ ይዞ ይሄዳል።

«መኪና» የሚለው ከጣልያንኛ የመጣ ቃልም በሶማሌ ተራ ተሽከርካሪን ያመለክታል፤ ጥንታዊው ሰፊ ትርጉሙ እንደ «የስፌት መኪና» ባሉ ሐረጎች ተወስኖ ቀርቷል። ስለዚህ «ምናባዊ መኪና» ከማለት «ምናባዊ ማሽን» ማለት ይመረጣል።

በዚህ ሐሳብ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ይኸውም «ተከራይ» አገልግሎቱን የሚገዛውን ደንበኛም ይመለከታል የሚል ነው። አንድ ደንበኛ ብዙ ምናባዊ ማሽኖች ሊኖሩት ስለሚችል ሁለቱ መለየት አለባቸው። መፍትሔው ቃሉን ለብቻው አለመጣል ነው፦ ለሰው ወይም ለድርጅት «ተከራይ ደንበኛ»፣ ለማሽኑ «ተከራይ ማሽን» ይባል።

4. የቀረቡ ስያሜዎች

አከራይ ሥርዓት፦ አካላዊውን ኮምፒዩተር የሚያስተዳድርና ለምናባዊ ማሽኖች የሚያከፋፍል ሥርዓት።

ተከራይ ማሽን፦ በአከራይ ሥርዓት ሥር የሚሠራ ምናባዊ ማሽን።

ገጽ፦ የማኅደረ ትውስታ መስፈሪያ ክፍል፤ በብዙ ኮምፒዩተሮች 4096 ባይት።

አለመነካት፦ ይዘት ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ያልተለወጠ መሆን። «ታማኝነት» የሰው ጠባይ መጠሪያ ስለ ሆነ ለዚህ አይመችም።

ምስክርነት፦ ተከራይ ማሽኑ ሳይለወጥ መነሣቱን አንጎለ ኮምፒዩተሩ በፊርማው የሚያረጋግጥበት ቃል። መስካሪው ከአከራዩ የተለየ ወገን መሆኑን ስለሚያሳይ ከ«ማረጋገጫ» ይበልጣል።

የጋራ ገጽ፦ ተከራይ ማሽኑ ከውጭ ጋር መረጃ ለመለዋወጥ ሲል ሆን ብሎ ሳይመሰጥር ለአከራዩ የሚተወው ገጽ። በዚህ ላይ የተጻፈ ነገር ጥበቃ የለውም፤ ተርጓሚውም በውል ሰነድ ውስጥ ይህን ልዩነት ሊያስቀረው አይገባም።