ችግኝን መደገፍና ማሰር ለየቅል ናቸው



ሙስሊም ከተከለው ተክል ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ ሲመገብ ለተካዩ ሰደቃ እንደሚሆንለት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ማስተማራቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ክረምት በገባ ቁጥር ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ችግኝ ይዘን የምንወጣው ይህን አጅር አስበን ነው። ተክሉ ግን ለፍሬና ለጥላ እንዲደርስ መጀመሪያ መቆም አለበት። ብዙዎቻችን እንዲቆም ብለን አጠገቡ እንጨት እንተክልና ግንዱን ከላይ እስከ ታች ጥፍር አድርገን እናስረዋለን። ይህ ችግኙን ያዳክመዋል።

ምክንያቱን እንመልከት። ዛፍ አንድ ጫፉ መሬት ውስጥ እንደተቀበረ ምሰሶ ነው። ልዩነቱ ሕያው መሆኑ ነው፤ ንፋስ ሲያወዛውዘው በታጠፈበት በኩል እንጨት እየጨመረ ይወፍራል። እንግሊዛዊው ቶማስ አንድሪው ናይት በ1803 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሙከራ የለጋ አፕል ዛፎችን የታችኛውን ግንድ አስሮ የላይኛውን ለንፋስ ተወው። የሚወዛወዘው ክፍል ሲወፍር የታሰረው እምብዛም አልጨመረም። የግንድ ውፍረት በእጥፍ ሲያድግ መታጠፍን የመቋቋም አቅሙ 16 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ውዝዋዜ የከለከልነው ችግኝ ብዙ ጥንካሬ ይቀርበታል፤ ማሰሪያው የተፈታ ዕለት ይጎብጣል ወይም ይሰበራል።

ታዲያ ድጋፍ ለምን ያስፈልጋል? ሥሩን ለማስረጋት ነው። በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ አፈሩ ሲርስ፣ ሥሩ ከነአፈሩ ከተነቃነቀ አዲስ የሚወጡት ቀጫጭን ሥሮች ይበጠሳሉ።

አደራረጉ እንዲህ ነው፦

1. ችግኙን በቀስታ ግፉት። ሥሩ ካልተነቃነቀና ግንዱ ራሱን ችሎ ከቆመ ድጋፍ አያስፈልገውም።
2. ካስፈለገው ሁለት ችካሎች ከሥሩ ራቅ አድርጋችሁ፣ ያልተቆፈረው መሬት ውስጥ ግራና ቀኝ ምቱ። ንፋሱ በሁለቱ መካከል ይለፍ።
3. ከግንዱ ቁመት አንድ ሦስተኛው ላይ ብቻ እሰሩ፤ ከዚያ በላይ ያለው ይወዛወዝ።
4. ሽቦና ሲባጎ አትጠቀሙ። ቅጠል የሠራው ምግብ ወደ ሥር የሚወርደው ከቅርፊቱ ሥር ባለው ስስ ክፍል ነው፤ ግንዱ ሲወፍር ሽቦው ይህን መንገድ ያንቀዋል። ያረጀ የብስክሌት የውስጥ ጎማ ወይም ሰፊ ጨርቅ በስምንት ቁጥር ቅርጽ ላላ አድርጋችሁ እሰሩ።
5. በየወሩ እዩት። በዓመቱ ፈትታችሁ ነቅነቅ አድርጉት፤ ሥሩ ከያዘ ችካሉን አንሱ። ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ባለችው ብርዳማዋ ደሴ እድገቱ ከኮምቦልቻ ሊዘገይ ስለሚችል ከቀን ቆጠራ ይልቅ ይህን ፍተሻ እመኑ።

ከፍየል የሚጠብቀው አጥር ነው፤ ችካል ያንን ሥራ አይሠራም። ሁለቱም ካስፈለጉ ለየብቻ ይሠሩ።

ዘንድሮ ስንተክል እያንዳንዱን የተደገፈ ችግኝ በዓመቱ የሚፈታውን ሰው አብረን እንመድብ። የሚመረቅም ካለ አማናውን ለታናሹ ያስረክብ። አላህ ሥራችንን ይቀበለን። ወሰላሙ ዐለይኩም።