ያውቁ ኖሯል? የወጣው ጭስ ተመልሶ ሲገባ

ብዙ የካርቡራቶር ሞተሮች ካስወጡት ጭስ ጥቂቱን መልሰው እንዲስቡ ታስበው እንደተሠሩ ያውቁ ኖሯል? መጠኑ በአብዛኛው ወደ ሲሊንደር ከሚገባው ከ6 እስከ 10 በመቶ ነው።

ጭስ ዳግመኛ አይነድም። የተፈለገውም ለዚሁ ነው፤ በውስጡ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድና የውኃ እንፋሎት ሙቀት እየወሰደ ቃጠሎውን ያበርደዋል።

ለምን ይብረድ? ከአየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ናይትሮጅን እንዲሁ ሲታይ ጉዳት የለውም፤ ቃጠሎው ከ1,370 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲያልፍ ግን ከኦክስጅን ጋር እየተዋሐደ መርዛማ ጋዝ ይሆናል። የካልቴክ ኬሚስት አሪ ሃገን-ስሚት በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ እንዳሳዩት፣ ይህ ጋዝና ያልተቃጠለ ነዳጅ ፀሐይ ሲያገኛቸው የሎስ አንጀለስን ሰው ዓይን ያቃጥል የነበረውን ጭጋግ ይፈጥራሉ። በ1973 (እ.ኤ.አ.) ጭሱን ወደ ሞተሩ የሚመልሰው ቫልቭ በአብዛኞቹ አዳዲስ የአሜሪካ መኪኖች ላይ ተገጠመ።

ኮምፒውተር የሌለው መኪና ቫልቩን መቼ እንደሚከፍት በምን ያውቃል? በአንዲት ቀዳዳ! ከካርቡራቶሩ ወደ ቫልቩ የሚሄደው ቀጭን ቱቦ የሚነሣው አየር ከምትከፍተውና ከምትዘጋው ክብ ሳህን ትንሽ ከፍ ብሎ ነው። በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ፣ ሳህኗ ዝግ ስለሆነች የሞተሩ መሳብ ከሥሯ ይቀራል፤ ቫልቩም አይነቃነቅም። ነዳጅ ረገጥ ሲደረግ የሳህኗ ጠርዝ ቀዳዳውን አልፎ ይወጣል፣ መሳቡ ወደ ቱቦው ይገባል፣ በቫልቩ ቆብ ውስጥ ያለው ስስ ሽፋን ተስቦ ዘንጉን ያነሣና ጭሱ ይገባል። እስከ መጨረሻው ሲረገጥ መሳቡ ስለሚዳከም ስፕሪንጉ መልሶ ይዘጋዋል። እንዲህ ያለ ብልሃት ያለ አንድ ሽቦ መሠራቱ ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆንስ? የራዲያተሩ ውኃ እስኪሞቅ ድረስ ቱቦውን የሚዘጋ፣ በሙቀት የሚሠራ መዝጊያ አለው።

«ጉልበት ይቀንሳል» ተብሎ ቱቦው ሲደፈን ያሳዝናል። ሙሉ ጉልበት ሲፈለግ ቫልቩ ዝግ ነውና! የካንዴላው እሳት የሚነሣበት ጊዜም የተስተካከለው ጭሱን አስቦ ነው፤ ጭሱ ሲቀር ቃጠሎው ይግልና ሞተሩ ሸክም ሲበዛበት ማንኳኳት ይጀምራል።

ተከፍቶ የቀረ ቫልቭ ደግሞ ሞተሩን በሚኒሞ ያንገጫግጨዋል፣ ያጠፋዋልም።

ቫልቩን ለመፈተሽ፣ የቆቡ ስስ ሽፋን ከሥር የሚታይ ከሆነ፣ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ በወፍራም ጓንት ወደ ላይ ይግፉት። ሞተሩ መንገዳገድ አለበት። ምንም ካልተለወጠ የጭሱ መተላለፊያ በጥላሸት ተደፍኗል፤ አዲስ ቫልቭ ከመግዛት በፊት እሱን መጥረግ ይቀድማል።