ስምንት ክረምት የተኛው ሞተር ሳይክል

ሞተር ሳይክል ብዙ ዓመት ሲቆም ምን ይሆናል? ብረት ስለሆነ እንደ ድንጋይ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ይመስለናል። ነገሩ እንዲያ አይደለም። ቤንዚኑ ይበላሻል። ጎማው ይደርቃል። አይጥ ይገባበታል። ዝገትም ቀስ እያለ ይበላዋል። ማንም ሳይነካው በቆመበት ያረጃል።

ይሁን እንጂ ቆሞ የከረመ ሁሉ ሞቷል ማለት አይደለም። የዛሬው ጽሑፋችን ስለ አንድ እንዲህ ያለ ሞተር ሳይክል ነው።

ሞተር ሳይክሉ የሚገኘው ከአስፋልቱ 18 ኪሎ ሜትር ገባ ብሎ ባለ አንድ የገጠር ቀበሌ ነው። በኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን ውስጥ፣ ከማዳበሪያ ጆንያ ኋላ ስምንት ክረምት ተኝቷል። ዶሮዎች ኮርቻው ላይ አድረውበታል። ልጆች ተጫውተውበታል። በመጨረሻ የማኅበሩ አባላት ስለ እሱ ተሰበሰቡ። ገሚሱ “ለቁራሌ እንሽጠው፤ ቦታ ያዘብን” አለ። ገሚሱ ደግሞ “እናስጠግነው” አለ።

ይጠገን ያለው በተለይ የእንስሳት ጤና ባለሙያው ነው። እሱ ያለ ምክንያት አልተናገረም። በቀበሌው ካሉት ጎጦች አንዱ በእግር ሦስት ሰዓት ያስኬዳል። ባለፈው ዓመት እዚያ አባ ጎርባ ገባ። አባ ጎርባ ጮርቃ ከብት ይወዳል። ከያዘም በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይገድላል። መልእክተኛው በእግሩ መጣ። ባለሙያው ደግሞ ክትባቱን በበረዶ ሣጥን ተሸክሞ በእግሩ ሄደ። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ ውስጥ ካልተያዘ ይበላሻል። ስለዚህ ፀሐይ ሳይበረታ ለመድረስ ሌሊት መነሳት ነበረበት። ሲደርስ አራት ወይፈኖች ሞተው ነበር።

አንዲት እናት ከስብሰባው መሐል ተነሡና “ብረቱን ብትሸጡት የአንድ ወይፈን ጅራት ዋጋ አያወጣም” አሉ። ሰው ሳቀ። ነገሩ ግን እውነት ነበር። ማኅበሩም እንዲህ ሲል ወሰነ። መካኒክ ይምጣና ይሞክረው። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሞተሩ ካልተነሣ ይሸጥ።

እኛም ሥራውን ለማየት ሄድን።

መጀመሪያ ወረቀቱ

መካኒኩ ከወረዳው ከተማ የመጡ ሽማግሌ ናቸው። ሁሉም ጋሼ ይሏቸዋል። መፍቻቸውን ከማውጣታቸው በፊት “ሊብሬው የታለ?” ብለው ጠየቁ።

ሊብሬ ማለት የተሽከርካሪው የባለቤትነት ደብተር ነው። በእሱ ላይ ሁለት ቁጥሮች ተጽፈዋል። አንዱ የሞተሩ ቁጥር ነው። ሁለተኛው የሻንሲው፣ ማለትም የአጥንቱ ቁጥር ነው። እነዚሁ ቁጥሮች ብረቱ ላይም ተቀርጸዋል። የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ ወይዘሮ ጨርቅ በቤንዚን ነክረው ከመሪው ሥር ያለውን ቆሻሻ ጠረጉ። ከዚያ ቁጥሩን አንድ በአንድ ጮክ ብለው አነበቡ። ጸሐፊው ከሊብሬው ጋር አስተያየ። ልክ ሆነ። ቁጥሩ ባይገጥም ኖሮ ጋሼ መፍቻቸውን ሰብስበው ይሄዱ ነበር። የማን እንደሆነ ያልታወቀ ሞተር ሳይክል መጠገን ጣጣ አለው።

ሞተር ሳይክሉ ያማሃ ኤጂ 100 ይባላል። ለእርሻ ሥራ ተብሎ የተሠራ ነው። ከፊትም ከኋላም የዕቃ መጫኛ አለው። ሰንሰለቱ ጭቃ እንዳይገባበት በሽፋን ተሸፍኗል። ጭቃ ባለበት ሜዳ እንዲቆም ማቆሚያ እግሩ በግራም በቀኝም ነው። ያማሃ የጃፓን ኩባንያ ነው። በእርግጥ መነሻው ሞተር አይደለም። ስሙ የመጣው ቶራኩሱ ያማሃ ከሚባል ሰው ነው። ይህ ሰው በ1887 እ.ኤ.አ. ሃማማትሱ በምትባል ከተማ የአንድ ትምህርት ቤት ኦርጋን ተበላሽቶ ጠገነ። ከዚያ ራሱ ኦርጋን መሥራት ጀመረ። ሞተር ሳይክል የሚሠራው ኩባንያ የተቋቋመው ኋላ፣ በ1955 እ.ኤ.አ. ነው። አርማውን ልብ ብላችሁ ብታዩ ሦስት የሙዚቃ ድምፅ መቃኛ ሹካዎች ናቸው። ይህን ስንነግራቸው ጋሼ “ታዲያ ጥገና ነዋ ያስጀመረው!” ብለው ደስ አላቸው።

አትርገጠው!

አንድ ጎረምሳ ዘሎ ኮርቻው ላይ ወጣ። የእግር ማስነሻውን ሊረግጥ ሲል ጋሼ ጮሁ። “ተው ልጄ! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።”

ለምን ከለከሉት? ፒስተን ማለት በሞተሩ ሆድ ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለስ ብረት ነው። ሙቀጫና ዘነዘናን አስቡ። ሙቀጫው ሲሊንደር ነው፤ ዘነዘናው ፒስተን ነው። ሞተር ብዙ ዓመት ሲቆም በሁለቱ መካከል ያለው ዘይት ይደርቃል። ዝገት ገብቶ ያጣብቃቸዋል። ተጣብቆ ሳለ በኃይል ቢረግጡት የማስነሻው ጥርስ ይሰበራል፤ ወይም ፒስተኑ ይፋቃል።

ጋሼ ካንዴላውን ፈቱ። ካንዴላ በሞተሩ ራስ ላይ የሚገባ፣ እሳት የሚጭር ዕቃ ነው። በካንዴላው ቀዳዳ ጥቂት ናፍጣና የሞተር ዘይት ቀላቅለው ጨመሩ። ከዚያ እጃቸውን ታጥበው ቡና ጠጡ። “ዛሬ ሥራው ይኸው ነው” አሉ። የመጣው ሰው ሁሉ ቅር ብሎት ተበተነ።

በማግሥቱ ሦስተኛ ማርሽ አስገብተው የኋላውን ጎማ በእጃቸው ወደፊትና ወደኋላ ወዘወዙ። ንቅንቅ አላለም። ዘይት ጨመሩ። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። በአራተኛው ቀን ጠዋት “ቅጭ” አለ። የጣት ውፍረት ያህል ሄደ። ተመለሰ። እየጨመረ፣ እየጨመረ ሄዶ ዞረ። ባለሙያው እጁን አጨበጨበ። ጋሼ ግን አውራ ጣታቸውን በካንዴላው ቀዳዳ ላይ ጫን አድርገው ማስነሻውን በቀስታ አስረገጡ። አየሩ ጣታቸውን ገፍቶ “ፑፍ” ብሎ ወጣ። “እስትንፋስ አለው” አሉ። አየሩ ጣት የማይገፋ ቢሆን ኖሮ ሞተሩ መፈታት ነበረበት።

የከረመ ቤንዚን

ቤንዚን እንደ ጠላ ነው፤ ሲከርም ይበላሻል። ቶሎ እሳት የሚይዘው ክፍሉ ተንኖ ይሄዳል። የቀረው እንደ ሙጫ ይሆናል። ሳልባትዮው ሲከፈት ሽታው የቀለም ሽታ ነበር። ሳልባትዮ የቤንዚኑ መያዣ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስጠንቅቅ። ብዙ ሰው ቤንዚን በጎማ ቱቦ በአፉ ስቦ ይቀዳል። ይህ እጅግ አደገኛ ነው። ቤንዚን ወደ ሳምባ ከገባ ሊገድል ይችላል። የዋጠ ሰው ቢኖር እንዲያስመልሰው አታስገድዱት፤ ሲያስመልስ ወደ ሳምባው ይገባል። ፈጥናችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ጋሼ በአፋቸው አልሳቡም። ከሥር ያለውን ቱቦ ነቅለው፣ መዝጊያውን ከፍተው፣ በጀሪካን አንጠባጠቡት። ይህንን ያደረጉት ደጅ፣ ከእሳትና ከሲጋራ ርቀው ነው።

ሳልባትዮው ውስጡ ዝጓል። አቼቶ ሞልተውበት አንድ ቀን አሳደሩት። አቼቶ ዝገት ያላቅቃል። ቁራጭ ሰንሰለት ጨምረው እንደ ቅል ናጡት። ቀይ ውሃ ወጣ። በንጹሕ ውሃ አለቀለቁት። ፀሐይ ላይ አደረቁት። እንደገና እንዳይዝግ ወዲያው ዘይት አዳረሱበት።

ትልቁ ሥራ ካርቡራተሩ ነበር። ካርቡራተር ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚቀላቅል ዕቃ ነው። በውስጡ እንደ መርፌ ዓይን የቀጠነ ቀዳዳ ያላት የነሐስ ቡሽ አለች። ሙጫው የሚደፍናት እሷን ነው። ጋሼ ቡሿን ፈትተው ወደ ሰማይ አቅንተው አዩ። ብርሃን አያልፍም። በቤንዚን ዘፈዘፉ። በቀጭን የመዳብ ክር ወጉ። በብረት ሽቦ አይወጋም፤ ቀዳዳው ከሰፋ ሞተሩ ቤንዚን ይበዛበታል። እንደገና ወደ ሰማይ አዩ። አሁን አንዲት ነጥብ ብርሃን ታየች። ካየነው ሁሉ ደስ ያለን ይኼ ነው። ያን ሁሉ ብረት አላስነሳ ያለችው ይህች ነጥብ ነበረች!

በአየር ማጣሪያው ውስጥ አይጥ ወልዳበታለች። ስፖንጁ በእጅ ሲነኩት ፈራረሰ። ስለዚህ አዲስ ተገዛ። ማርሚታው ውስጥም ሣር ነበር።

ተነሣ

ካንዴላው በሽቦ ብሩሽ ተጠረገ። ገመዱ ላይ ተሰክቶ ከሞተሩ ብረት ጋር ተደገፈ። ቤንዚኑ ከአጠገብ ራቀ። ማስነሻው ሲረገጥ ሰማያዊ ብልጭታ ታየ። ባትሪው ሞቷል፤ ነገር ግን ብዙዎቹ ትናንሽ ሞተር ሳይክሎች ያለ ባትሪም እሳት ይጭራሉ።

ይህ ሞተር ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር የሚያቃጥል ነው። ዘይት የምትረጭ ትንሽ ፓምፕ አለችው። ከስምንት ክረምት በኋላ ፓምፗን ማመን አይቻልም። ስለዚህ ጋሼ በመጀመሪያው ቤንዚን ላይ ለ1 ሊትር ሁለት የሾርባ ማንኪያ የሞተር ሳይክል ዘይት ቀላቀሉበት። የማርሹንም ዘይት ቀየሩ። የወጣው ጥቁር ዘይት በጀሪካን ተጠራቀመ። አንድ ሰው “ለበሬዬ ቁስል ስጡኝ” ብሎ ነበር። የእንስሳት ባለሙያው ከለከለ። የተቃጠለ ዘይት ውስጥ የብረት ብናኝና መርዝ አለ። ቁስል አያድንም። ወንዝም አይደፋም።

መጋዘኑ ውስጥ ማስነሣት አይገባም። የሞተር ጭስ በተዘጋ ቤት ከሰል እንደሚያወጣው ያለ መርዝ አለው። መርዙ ሽታ የለውም። ሞተር ሳይክሉን ደጅ አወጡት።

አንድ። ሁለት። ሦስት ጊዜ ተረገጠ። ምንም የለም። አሥር ጊዜ ገደማ ሲሆን “ጠክ” አለ። ከዚያ ነጭ ጭስ ግቢውን ሞላው። ዶሮው፣ ልጁ፣ ውሻው ሁሉ ሸሸ። ሞተሩ ተንተባተበ፤ ቆየት ብሎ ድምፁ ተስተካከለ። የሲሊንደሩ ዘይት ተቃጥሎ ሲያልቅ ጭሱ ሳሳ። ያ ስድስተኛው ቀን ነበር።

ያን ዕለት ማታ

በዚያው ምሽት ከሩቁ ጎጥ ሰው መጣ። አንዲት ላም ምጥ ጸንቶባታል። ባለሙያው ቁልፉን ለመውሰድ እጁን ዘረጋ።

“አይሆንም፣ ዶክተር” አሉ ጋሼ።

“ጋሼ፣ ተነሥቷል እኮ! ሲሠራ አይተውታል።”

“መነሣቱን አየሁ። መቆሙን አላየሁም።”

የፊት ጎማውን ፈትተው አሳዩት። የፍሬኑ ሸራ ከብረቱ ተላቆ በእጅ ይነሣል። ሸራውን ከብረቱ ያጣበቀው ማስቲሽ በዕድሜ ብዛት ለቆ ነው። ጎማው ደግሞ እንደ በጋ መሬት ተሰነጣጥቋል። ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ በተሠሩ ብዙ ጎማዎች ጎን ላይ አራት ቁጥር አለ። 2315 ቢል በ2015 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ያረጀ ጎማ ጥርሱ ባያልቅም ይፈነዳል። ወደዚያ ጎጥ የሚወስደው መንገድ ደግሞ ቁልቁለት ነው፤ መጨረሻው ወንዝ ነው።

ባለሙያው ተቆጣ። ለጥቂት ጊዜ ማንም አልተናገረም። ከዚያ በቅሎ ተጫነለትና ሄደ። ሌሊቱን ደርሶ ላሚቱን አዳነ። ጥጃው ግን አልተረፈም። በማግሥቱ አንዳንድ ሰዎች “በሞተር ቢሄድ ኖሮ ጥጃውም ይተርፍ ነበር” አሉ። ሊሆን ይችላል። እኛ ግን ጋሼ ትክክል ነበሩ እንላለን። ፍሬን የሌለው ሞተር ሳይክል በዚያ ቁልቁለት ከጥጃው ጋር ባለሙያውንም ያሳጣን ነበር።

በሳምንቱ ዕቃው ከከተማ መጣ። ሁለት ጎማ ከነከመነዳሪው፣ የፊትና የኋላ ፍሬን ሸራ፣ የፍሪሲዮን ሽቦና አንድ ካንዴላ ነው። ዋጋውን አንጽፍም፤ ዛሬ የጻፍነው ነገ ይለወጣል። ከኅብረት ሥራ ማኅበሩ ገንዘብ ወጥቶ ደረሰኙ በገንዘብ ያዧ እጅ አለ። ጋሼ የድሮውን ፍሬን ብናኝ በአፋቸው እፍ አላሉም፤ በእርጥብ ጨርቅ ጠረጉት። በድሮ ሸራዎች ውስጥ አስቤስቶስ የሚባል ሳምባ የሚጎዳ ነገር ይገኛል። ሥራው ሲያልቅ መጀመሪያ በሜዳ፣ ቀጥሎ በትንሿ ዳገት ላይ ወጥተው ወርደው ፍሬኑን ፈተኑት። ከዚያ ቁልፉን ሰጡት። መንጃ ፈቃዱን አሳይቷቸዋል። የራስ ቁሩን ከወንድሙ ተውሷል።

አሁን ያ ሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ከአንድ ሰዓት በታች ሆኗል። የበረዶ ሣጥኑ የፊተኛው መጫኛ ላይ በጎማ ገመድ ይታሰራል። የመጋዘኑ በር ላይ ወረቀት ተለጥፏል። ጸሐፊው በትልልቅ ፊደል ጽፎታል። ከባለሙያው በቀር ማንም አይነዳውም። ሰንሰለቱ በየሳምንቱ ቅዳሜ ዘይት ይቀባል። ከወር በላይ የሚቆም ከሆነ ቤንዚኑ ይቀዳል።

የፊት መብራቱ ገና አልበራም። አምፖሉ ከከተማ እስኪመጣ ድረስ ከመሸ በኋላ የሚሄደው በቅሎዋ ናት።