ባሕሩ የመጠጥ ቤቱ አይደለም



ባለፈው ዓመት የጋብቻችን ሃያኛ ዓመት ሲደርስ፣ በውጭ አገር የምትኖረው እህቴ «አንድ ጊዜ እንኳ ሁለታችሁ ብቻ ሆናችሁ ዕረፉ» ብላ የጉዞ ገንዘብ ላከችልን። መድረሻችንም በኬንያ የባሕር ጠረፍ፣ ከሞምባሳ ደሴት በስተ ደቡብ ያለው ዲያኒ ሆነ። ነገሩን የሰማች አንዲት የኅብረታችን እህት ከት ብላ ሳቀችና፣ «እናንተ እዚያ ምን ልትሠሩ ነው? አትጠጡ፣ አትጨፍሩ!» አለችኝ። እኔም አብሬአት ሳቅሁ። ቤቴ ስገባ ግን ጥያቄው ተከተለኝ። እውነትም፣ ምን ልንሠራ ነው?

ይህን ጽሑፍ የምጽፍላችሁ ብዙ ባለትዳሮች ይኸው ጥያቄ እንዳላቸው ስለማውቅ ነው። አንዳንዶቻችሁ ለዕረፍት፣ አንዳንዶቻችሁ ለሥራ ስብሰባ ወይም ለዘመድ ሠርግ ሞቅ ወዳለ የባሕር ዳርቻ ትሄዳላችሁ። ዲያኒም ሆነ ዛንዚባር፣ ላንጋኖም ሆነ ሐዋሳ፣ ጉዳዩ አንድ ነው።

የመጀመሪያዋ ማታ

ባለቤቴ ጌታን ከማግኘቱ በፊት ጠጪ ነበረ። ይህን ራሱ በመድረክ ላይ ስለሚመሰክር ምስጢር አላወጣሁበትም። ከተወው ሃያ አራት ዓመት አልፎታል።

ከአዲስ አበባ ናይሮቢ በአውሮፕላን፣ ከናይሮቢ ሞምባሳ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 ሥራ በጀመረው ባቡር ሄድን። ባቡሩ አምስት ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ የጻቮን ፓርክ አቋርጦ ስለሚያልፍ ከመስኮቱ ዝሆኖች አየን። ልባችን በደስታ ተሞልቶ ነበር። ሆቴላችን ስንደርስ ግን አንድ ወጣት አስተናጋጅ ባለ ቀለም ብርጭቆዎች በትሪ ይዞ ተቀበለን። እኔ ፊቴን ቅጭም አድርጌ በእጄ ገፋሁት። ወጣቱ ደነገጠ። ከባሕሩ በኩል ሙዚቃው ይደልቃል፤ ሰዉ ገና ሳይመሽ አሸሼ ገዳሜ ጀምሯል። እኛ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ክፍላችን ገብተን በሩን ቆለፍን።

ባለቤቴ መጽሐፍ ቅዱሱን ገለጠ፤ ነገር ግን አንድም ገጽ አላገላበጠም። እኔም እንደ መቀለድ ብዬ፣ «ምነው፣ ሰዎቹን ፈራሃቸው እንዴ?» አልሁት።

«እነርሱን አይደለም የምፈራው» አለኝ። «እኔን ነው። ሽታው ሲመጣብኝ ሃያ አራቱ ዓመት እንደ ትናንት ሆነብኝ።»

በሃያ ዓመት ትዳራችን እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። ምእመናን ሁሉ ሸክማቸውን ለእርሱ ያራግፋሉ፤ እርሱ የራሱን የት እንደሚያራግፍ ጠይቄ አላውቅም ነበር። መገሠጽም መስበክም ዳድቶኝ ነበር፤ ጌታ ይመስገን፣ አፌን ያዘልኝ። እጁን ይዤ አጭር ጸሎት ጸለይን። ከዚያም እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት አወራን። ያን ሌሊት የገባኝ ነገር ቢኖር ይህ ነው፦ እኛ አለመጠጣትን፣ አለመጨፈርን ተምረናል፤ መደሰትን ግን አልተማርንም። ባዶ የተወነው ቦታ ደግሞ ባዶ ሆኖ አይቀርም፤ ፍርሃት ወይም ኩርፊያ ይገባበታል።

ማለዳው ክፍት ነው

በማግስቱ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ወጣን። ሌሊቱን ሙሉ የጨፈሩት ተኝተዋል። ያ ሁሉ ነጭ አሸዋ የእኛና የጥቂት ዓሣ አጥማጆች ብቻ ነበር። ዲያኒ ወደ ምሥራቅ ስለሚመለከት ፀሐይ የምትወጣው ከባሕሩ ነው። መዝሙረኛው በመዝሙር 104 ስለ ሰፊው ባሕርና ቁጥር ስለሌላቸው ፍጥረታቱ የተናገረውን ብዙ ጊዜ አስተምሬአለሁ፤ ባሕሩ ፊት ቆሜ ሳስበው ግን ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

እዚያ የሚሄድ ሰው ማወቅ ያለበት የባሕሩን ሰዓት ነው። ውኃው በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል፤ በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ስድስት ሰዓት ያህል አለ። ሰዓቱም በየቀኑ ወደ ሃምሳ ደቂቃ ገደማ ይዘገያል። ጨረቃ ስትሞላና አዲስ ስትሆን ልዩነቱ ከሦስት ሜትር በላይ ይደርሳል። ውኃው ሲሸሽ የኮራል ድንጋዩ ገሐድ ይወጣል፤ በየጉድጓዱ ትንንሽ ዓሦች፣ ሸርጣኖችና የባሕር ኮከቦች ታያላችሁ። እሾሃማ የባሕር ፍጥረቶች ስላሉ የላስቲክ ጫማ ሳታደርጉ አትግቡ፤ የባሕር ኮከቡንም ከውኃው አታውጡት። የዕለቱን ሰዓት ሆቴሉን ጠይቁ፤ ውኃው መመለስ ሲጀምር ሩቅ ሄዳችሁ እንዳትገኙ።

ባለቤቴ ሱሪውን ሰብስቦ እንደ ልጅ ከድንጋይ ድንጋይ ሲዘል አየሁት። ጌታችን ከትንሣኤው በኋላ ለደቀ መዛሙርቱ ምግብ ያዘጋጀላቸው በባሕር ዳርቻ ማለዳ ላይ መሆኑን (ዮሐ. 21፥4-12) አስታወሰኝ። «ጴጥሮስን የወደቀበትን ከመጠየቁ በፊት ቁርስ አበላው» አለኝ። ብዙ ሰብኮበት የሚያውቅ ክፍል ነው፤ ያን ቀን ግን ለራሱ የተሰበከለት መሰለኝ።

ቀኑን በምን እንሙላው?

በዲያኒ መንገድ ዳር ባሉት ዛፎች ላይ የእኛን ጉሬዛ የሚመስሉ ጥቁርና ነጭ ዝንጀሮዎች አሉ፤ የጉሬዛ ቅርብ ዘመድ ናቸው። መኪና እንዳይገጫቸው ከመንገዱ በላይ ከዛፍ ዛፍ የገመድ መሰላል ተዘርግቶላቸዋል። ተሰልፈው ሲሻገሩ ቆሞ ማየት ብቻውን ግማሽ ሰዓት ያስረሳል።

ወደ ደቡብ ሲኬድ ከሺሞኒ በሸራ ጀልባ ወደ ዋሲኒ ደሴትና ወደ ኪሲቴ የባሕር ፓርክ ይወጣል። ዶልፊኖች ጀልባውን ይከተላሉ። መዋኘት የማትችሉ እንደ እኔ ያላችሁ የሕይወት ጃኬት ለብሳችሁ፣ መነጽሩን አድርጋችሁ ፊታችሁን ብቻ ውኃ ውስጥ ብትነክሩ ይበቃል፤ ከሥራችሁ ያለው የአትክልት ስፍራ ነው።

ከሞምባሳ በስተ ሰሜን ባምቡሪ ያለውን የሃለር ፓርክ አይታችሁ እንድትመለሱ እመክራለሁ። ቦታው የሲሚንቶ ፋብሪካ ድንጋይ ተፈልጦ ያለቀበት፣ ሣር እንኳ የማይበቅልበት ጠፍ ነበር። ሬኔ ሃለር የተባለ ስዊዘርላንዳዊ የዕፅዋት ባለሙያ እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ ጨውና ድርቀት የሚችል ዛፍ ተከለበት። የረገፈው ቅጠል አልበሰብስ ሲል ቅጠሉን በልተው ወደ አፈር የሚለውጡ ባለ ብዙ እግር ትሎችን አመጣ። ዛሬ ጫካ ነው፤ ቀጭኔ በእጃችሁ ታበላላችሁ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2004 ሱናሚ በደረሰ ጊዜ ከእናቱ የተለየው የጉማሬ ግልገል ኦወን ምዜ ከተባለው ሽማግሌ ኤሊ ጋር የተወዳጀውም በዚሁ ስፍራ ነው። እኛ ትዳራችን ጠፍ መሬት የመሰለን ዓመታት ስለነበሩ፣ ስለዚያ አፈር ብዙ ተነጋገርን።

ለምግብ ደግሞ የሞምባሳን አሮጌ ከተማ የሚያህል የለም። ነዋሪዎቹ በአብዛኛው ሙስሊሞች ስለሆኑ ብዙዎቹ ምግብ ቤቶች መጠጥ አይሸጡም። በኮኮናት ወተት የተሠራ የርግብ አተር ከማሃምሪ ጋር (ማሃምሪ እንደ ፓስቲ ያለ ነው)፣ ፒላውና ብርያኒ፣ የሮቃ ጭማቂ፣ ከነቅርፊቱ የሚጠጣ የለጋ ኮኮናት ውኃ፤ ይህ ሁሉ ያለ አንዳች ሥጋት የሚቀርብበት ነው። ልብሳችሁን ጨዋ አድርጉ፤ ሽማግሌ ስታገኙ «ሺካሞ» በሉ፤ «ማራሃባ» ብለው ይመልሱላችኋል። እዚያው አጠገብ ፖርቱጋሎች እ.ኤ.አ. በ1593 መገንባት የጀመሩት ፎርት ጂሰስ አለ።

እንባ የተባለችው ሕፃን

በሞምባሳ ልቤን የነካው ግን ሌላ ነው። በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ሳለሁ ስለ ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ዮሐን ሉድቪግ ክራፍ ተምሬ ነበር። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ሸዋ የኖረ፣ በኋላም አቡ ሩሚ በተረጎመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ እርማት ላይ የደከመ ሰው ነው። ክራፍና ባለቤቱ ሮዚነ ወደ ሸዋ ለመመለስ ሲሞክሩ በምድረ በዳ መንገድ ላይ ሴት ልጅ ያለ ጊዜዋ ተወለደችባቸው፤ ወዲያውም ሞተች። አባቷ በእኛው ቋንቋ «እንባ» ብሎ ሰየማት። የሸዋ መንገድ ሲዘጋባቸው እ.ኤ.አ. በ1844 ሞምባሳ ደረሱ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ሮዚነ ሞተች፤ አዲስ የወለደቻት ሕፃንም ተከተለቻት። የተቀበሩት ከደሴቱ ማዶ ነው። ክራፍ ግን ሥራውን አልተወም።

በዚያው አካባቢ ከባርነት ነጻ ለወጡ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1875 የተመሠረተው ፍሬር ታውን አለ። የባሪያ ነጋዴዎች መምጣታቸውን ለማስጠንቀቅ የሚደወለው ደወል ዛሬም ቆሟል፤ ሠፈሩም ኬንጌሌኒ፣ ማለትም «ደወሉ ጋ» ይባላል። ከዚያ ስመለስ ባለቤቴን፣ «በሃያ ዓመት ውስጥ ያላለቀስንለት ነገር አለን?» አልሁት። ነበረን። ከሁለተኛዋ ልጃችን በኋላ ሳይወለድ የቀረውን ፅንስ በዚያን ጊዜ ለአንድ ቀን እንኳ አብረን አላዘንንለትም፤ እሑድ ስብሰባ ነበረና። በጀልባ ወደብ ወንበር ላይ ተቀምጠን አለቀስን። ዕረፍት ማለት ሳቅ ብቻ እንዳይመስላችሁ።

የትሪው ወጣት

በአራተኛው ቀን ያን ያስደነገጥሁትን አስተናጋጅ አገኘሁትና ይቅርታ ጠየቅሁት። «ማዳም፣ እኔም ክርስቲያን ነኝ» አለኝ። «ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ሥራ ይህ ነው ያገኘሁት። እሑድ እሑድ በመዘምራን ውስጥ እዘምራለሁ።» የሚገባበት አጥቶ መሬቱን ያየው ግን እርሱ ሳይሆን እኔ ነበርሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳንጠይቀው የለጋ ኮኮናት ያመጣልናል። አለመጠጣት መልካም ነው፤ ሰውን ማሸማቀቅ ግን ሌላ ስካር ነው። እምቢታችን በፈገግታ ቢሆን ምን ይጎድልብናል?

ለምትጓዙ ባለትዳሮች

1. የክፍሉን ዋጋ ስትጠይቁ ምን እንደሚያካትት አጣሩ። «ሁሉን ያካተተ» የሚባለው የመጠጡንም ዋጋ ይጨምራል፤ አልጋ ከቁርስ ጋር ወይም ከአንድ ተጨማሪ ምግብ ጋር ያለውን ምረጡ።

2. ከጭፈራው ቦታ የራቀ ክፍል አስቀድማችሁ ጠይቁ። ክፍሉ ውስጥ መጠጥ ያለበት ማቀዝቀዣ ካለም እንዲያወጡላችሁ ንገሩ፤ አያስቸግራቸውም።

3. ከሁለታችሁ አንዳችሁ በመጠጥ የተፈተነ ታሪክ ካላችሁ ከቤት ሳትወጡ ተነጋገሩ። እኛ አንድ ቃል ተስማማን፦ «ሻይ አማረኝ»። ይህን ያለ ሰው ምክንያት አይጠየቅም፤ ሁለታችንም ተነሥተን እንሄዳለን። ፈተናው ከአቅም በላይ የሚሆን ከመሰላችሁ ደግሞ ሌላ ቦታ መምረጥ ሽንፈት አይደለም።

4. ማታውን አቅዱ፤ ፈተናው ያለው ሥራ በሌለበት ሰዓት ነው። ገበጣ ወይም ካርታ፣ የምትነበብ መጽሐፍ፣ የድሮ ደብዳቤዎቻችሁን ያዙ። በሌሊት ግን በባሕሩ ዳር ርቃችሁ አትሂዱ።

5. ከባድ ዝናብ የሚበዛው እ.ኤ.አ. በሚያዝያና በግንቦት ነው፤ የፈረንጆች ገና ሰሞን ደግሞ ጭፈራውም ዋጋውም ይጨምራል። ጸጥታ የምትፈልጉ በመካከል ያሉትን ወራት ምረጡ።

6. የቤተ ክርስቲያን ስልክ ይጠበቅ፤ መጋቢም ሰው ነው። ጌታ ራሱ ደቀ መዛሙርቱን ወደ ብቻ ስፍራ ጠርቶ እንዲያርፉ ነግሯቸዋል (ማር. 6፥31)።

በመጨረሻዋ ማታ በራችንን አልቆለፍንም። ሙዚቃው እንደ ወትሮው ይደልቃል፤ እኛ ከባሕሩ ፊት ለፊት ሁለት ወንበር ስበን ተቀመጥን። አንድ ጊዜ ነፋሱ ያን ሽታ አመጣ። ባለቤቴ፣ «ሻይ አማረኝ» አለ። ተነሣን። እየተሳሳቅን ሄደን ሻያችንን ጠጣን። ስንመለስ ያቺ እህት፣ «እህሳ፣ ምን ሠራችሁ?» ብላ ጠየቀችኝ። «ቁጭ በይ፣ ብዙ ነው» አልኋት።

አብራችሁ ተነጋገሩ

— ባለቤታችሁ የሚፈራውን ነገር መቼ ነው የጠየቃችሁት?
— አብራችሁ ያላዘናችሁለት ነገር አለ?
— ሩቅ መሄድ ባትችሉ፣ በዚህ ወር ሁለታችሁ ብቻ የምታሳልፉት ግማሽ ቀን የትኛው ነው?

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።